ስክሪኑ ይቅር፣ ቡሎን ግዙበት

ይኼኛው ረዘም ይላል፤ ቡና ያልጠጣችሁ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈልኝ። አምባራስ ላይ ለልጆች የምትሆን አንዲት ክፍል ተገኝታለች፤ "ትንሽ የሳይንስ ሙዚየም" ሊያደርጓት አስበዋል። ውጭ ያሉ የአካባቢው ልጆች አዋጥተዋል። የተዋጣው ብር ብዙ አይደለም፣ ግን አንድ ትልቅ ስማርት ስክሪን ይገዛል። "ቲቸር፣ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ጥሩ ጥሩ አኒሜሽኖች ይምረጡልን" ነው ጥያቄው።

"ስክሪኑ ይቅር፣ ቡሎን ግዙበት" ብዬ መለስኩለት። ልጁ ዝም አለ። ያሾፍኩበት ሳይመስለው አልቀረም። አላሾፍኩም። ስለዚህ ረጅሙን መልስ እዚህ እጽፈዋለሁ። ካዋጣችሁት ውስጥ ብዙዎቻችሁ እዚሁ ገጽ ላይ ስላላችሁ አንብባችሁ ትሰድቡኛላችሁ።

ለማታውቁት፣ አምባራስ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር አድርጎ ወደ ጨነቅ በሚወስደው የፓርክ መንገድ በኩል ነው። የገብስ አገር ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ገብቶ አብሮህ ያድራል። እኔ እዚያ ተወልጄ ደባርቅ ላይ ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ። አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን የሳይንስ ሙዚየም ለማየት የአምባራስ ልጅ መጀመሪያ ደባርቅ መድረስ፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር መግባት፣ ከጎንደር ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለበት። ስለዚህ ለብዙዎቹ ልጆች ይቺ ክፍል በልጅነታቸው የሚያዩዋት ብቸኛዋ ሙዚየም ናት። ምን እንደሚቀመጥባት ብንጨቃጨቅ ያንስ እንደሆን እንጂ አይበዛም።

አሁን ወደ ነገሩ። አኒሜሽኖቹ ስለ ምን ይሁኑ ብዬ ስጠይቀው "ስለ ሊንኬጅ፣ ቲቸር ይወዱት የነበረው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። በአማርኛ የረጋ ስም አላገኘሁለትም። ክፍል ውስጥ "የዘንግ ትስስር" እል ነበር፤ ልጆቹ "እንጨት በእንጨት" አሉትና በዚያው ቀረ። ነገሩ ቀላል ነው። ጠንካራ ዘንጎች ጫፍና ጫፋቸው ላይ በቡሎን ተያይዘው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጃንጥላ አስቡ። ጨርቁን ግፈፉና አጥንቱን ተመልከቱት። ምሰሶው ላይ የምትንሸራተተዋ ቀለበት ወደ ላይ ስትወጣ ዙሪያውን ያሉት ዘንጎች በሙሉ ይዘረጋሉ። መኪና የሚያነሳው መቀስ መሳዩ ክሪክም ያው ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ግን አራት ዘንግ ያለው ነው። አንዱ የማይንቀሳቀስ፣ ሦስቱ የሚንቀሳቀሱ። ደባርቅ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በእግር የሚረገጠው የሲንጀር መኪና ላይ እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚለው፤ ከጎኑ ያለው መንኮራኩር ግን ዙሩን ይዞራል። መርገጫው አንድ ዘንግ፣ ከመርገጫው ወደ ላይ የወጣው ቀጭን ብረት ሁለተኛ፣ የመንኮራኩሩ ክንድ ሦስተኛ፣ መሬት ላይ የቆመው የብረት እግር አራተኛ። አሁን ደግሞ በክረምት ሊማሊሞን የሚወርድ አውቶቡስ አስቡ። የመስታወቱ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ መጥረጊያው ግን ይሄዳል ይመለሳል። ያው አራት ዘንግ ነው፣ ወደ ኋላ የተነበበ ስፌት መኪና ማለት ነው። ይህን የነገርኩት ልጅ ሁሉ መጀመሪያ አያምነኝም።

በደባርቅ የመጀመሪያዋን "እንጨት በእንጨት" ጠረጴዛ የሠራናት ከግንባታ በተራረፈ ሞራሌና ቺፕውድ ነው። አንዳንዶቻችሁ አብራችሁኝ ሠርታችኋል፤ ጣቱን በመዶሻ የመታው ሰውዬ አሁን ኢንጂነር ነው፣ ስሙን አልናገርም። እኔ በጣም ተጨንቄባት ነበር። የዘንጎቹን ርዝመት አስልቼ፣ እጀታውን ስታዞሩት ጫፉ ላይ ያለው ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያምር የእንቁላል ቅርጽ እንዲስል አደረግሁ። ከጎኗ በትልቁ ማብራሪያ ለጠፍኩ። የሳይንስ ቀን ደረሰ። ልጆቹ ተሰለፉ። አንዱ መጣ፣ ሁለት ዙር አዞረ፣ "ኦ" አለ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ሁለት ዙር፣ "ኦ"፣ ሄደ። ማብራሪያዬን ያነበበ አንድ ሰው አላየሁም። አንድ አስተማሪ ብቻ ፊደል ስቼ እንደሆነ አየልኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቡሎን ወልቆ ወደቀ። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ልጆቹ ቡሎኑን አንስተው ያገኙት ቀዳዳ ውስጥ ከተቱት። የእጀታው ዘንግ ላይ ስለካ የበሳኋቸው ሌሎች ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ከትክክለኛው 10 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይልቅ 20 ሴንቲ ሜትሩ ላይ አስገቡት። ስመለስ ጠረጴዛዋን አላየኋትም፣ በልጅ ተከባ ነበር። "ተቀረቀረ! ተቀረቀረ!" ይባላል። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ "በዚያ በኩል ሞክረው" ይላል፣ አንዷ ተንበርክካ ከሥር ታያለች። እጀታው ግማሽ ድረስ ሄዶ ቀጥ ይላል፣ ወደ ኋላ ሲመልሱትም ሄዶ ቀጥ። ቁጣዬ መጥቶ ነበር፤ "ማን ነካው?" ልል አፌን ከፈትኩ። እግዜር ይስጣት፣ ያቺ የተንበረከከችው ልጅ ቀና ብላ "ቲቸር፣ ይቺኛዋ ስለረዘመች ነው አይደል? ብናሳጥራትስ?" አለችኝ።

ጠዋት ሙሉ ማንም ልጅ ጥያቄ አልጠየቀኝም ነበር።

ጉዳዩን ቁጥር ላይ ላሳያችሁ፣ ለረሳችሁት። የእኛ ዘንጎች 10፣ 20፣ 25 እና 30 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። ትንሹንና ትልቁን ደምሩ፣ 40። የቀሩትን ሁለቱን ደምሩ፣ 45። የመጀመሪያው ድምር ከሁለተኛው ሲያንስ ትንሹ ዘንግ ሙሉ ዙር መዞር ይችላል። 10ሩን ወደ 20 ስትቀይሩት ደግሞ ትንሹና ትልቁ 50 ይሆናሉ፣ የቀሩት 45፤ ከዚህ ወዲያ አንዱም ዘንግ ዙሩን አይጨርስም፣ ይወዛወዛል እንጂ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ግራሾፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ሕግ ነው። 15 ላይ ብታደርጉትስ? ድምሮቹ እኩል ይሆናሉ። ያኔ አራቱም ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ የሚተኙበት ቅጽበት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ማሽኑ ራሱ አያውቅም። ልጆቹ ይቺን 15 "እብዷ ቀዳዳ" አሏት። በሚቀጥለው ዓመት ሰው የሚሰለፈው ለእብዷ ቀዳዳ ነበር።

ሌላው ጉድ ደግሞ ይኼ ነው። አራቱን ዘንጎች ምንም ሳትቀይሩ መሬት ላይ የሚቸነከረውን ብቻ ቀይሩ። 30ውን ከቸነከራችሁት አንዱ ይዞራል፣ አንዱ ይወዛወዛል፤ ስፌት መኪናው ማለት ነው። 10ሩን ከቸነከራችሁት ሁለቱም ክንዶች ይዞራሉ። ከ10ሩ ፊት ለፊት ያለውን 20ውን ከቸነከራችሁት ሁለቱም ክንዶች መወዛወዝ ብቻ ነው። እንጨቶቹ ያው፣ ቅደም ተከተላቸው ያው፤ ማን እንደቆመ ብቻ ነው የተለየው። ይህን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ስንት ዓመት ኖሬ፣ አንድም ልጅ ሲደነቅ አላየሁም።

እንግዲህ ለተማሪዬ ልነግረው የፈለግኩት ይህን ነው። ስክሪን አይቀረቀርም። አኒሜሽኑ ላይ ያሉት ዘንጎች ሁልጊዜ ልክ ናቸው፣ ሁልጊዜ ይዞራሉ፣ የሠራቸው ሰው ስህተቱን ቤቱ ጨርሶት ነው የመጣው። ልጁ ጋ የሚደርሰው መልሱ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ርዝመት በጣት እየጎተቱ የሚቀይሩባቸው እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኔም ስልኬ ላይ እጫወትባቸዋለሁ፤ መጥፎ አይደሉም። ግን ዘንጎቹ አልገጥም ሲሉ ስዕሉ ቆም ይላል ወይም ይጠፋል፣ ያ ብቻ። የመቀርቀር ስሜት እጅ ላይ ነው የሚመጣው። ግፊት ጨምረህ የማይሄድ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስትመልሰው ደግሞ እንደ ቅቤ የሚሄድ ነገር መዳፍህ ይረዳዋል፣ አእምሮህ በኋላ ይከተላል።

የሞተውን ነጥብ ታሪክ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት ከአንድ በረንዳ ላይ ከሚሰፉ ሰው የአሮጌ ሲንጀር እግር ለመንኩ፤ ራሱ የተነሳለት፣ መርገጫውና መንኮራኩሩ ብቻ የቀረ። ጠረጴዛዋ አጠገብ አቆምነው። ጎበዝ ጎበዝ የምንላቸው ተማሪዎች እየመጡ ረገጡት። አይዞርም። ሩብ ያህል ሄዶ ይመለሳል፤ ወይም ደግሞ ወደ ኋላ ይዞራል፣ እውነተኛ መኪና ቢሆን ክሩን ይበጣጥሰው ነበር። አንደኛ የሚወጣው ልጅ "ተበላሽቷል ቲቸር" ብሎ ፈረደ።

ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ፊዚክስ ላይ ነጥቡ ዝቅ ያለ ነው። ሰው ሲቀንስ ጠብቆ መጣ፣ ቀኝ እጁን መንኮራኩሩ ላይ አደረገ፣ ትንሽ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው፣ በዚያው ቅጽበት ረገጠ። ዞረ። እግሩ እንኳን ጠንክሮ አልረገጠም፣ እንዲያው መታ መታ ነው የሚያደርገው፤ መንኮራኩሩ ግን እየተጎማለለ ይሄዳል። ልጆቹ "እንዴት አደረግከው?" አሉት። መሬት መሬት እያየ "አባቴ ሰፊ ነው" አለ። በዚያ ድምፅ አባባሉ ጥፋት የሚናዘዝ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ አባትየውን ጠራኋቸው። ትምህርት ቤት ሲጠሩ ልጃቸው ያጠፋ መስሏቸው ደንግጠው መጡ። "አያ፣ ይቺን ነገር ለልጆቹ ያሳዩልኝ" አልኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ፣ "እኔ ምን አውቄ" አሉ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ተቀመጡ። "እዚህ ላይና እዚህ ላይ ይሞታል፣ ልጆቼ" አሉ መርገጫውን ከላይም ከታችም እያቆሙ። "እዚህ ሲቆም ብትረግጡት ብትረግጡት ሥራ የለውም። በእጅ ታስነሱታላችሁ። አንዴ ከተነሳ ወዲያ ከባዱ መንኮራኩር ራሱ ሞቱን ያሳልፈዋል።" እኔ ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ "የሞተ ነጥብ" በሚል ስም ነበር የተማርኩት። እሳቸው ኮሌጅ አልገቡም፤ ያው ስም ላይ ደርሰዋል። መርገጫውና የቀጭኑ ብረት ኃይል በቀጥታ በመንኮራኩሩ መሐል በኩል ሲያልፍ ማዞር የሚችል ነገር አይቀርም፤ የሚያሳልፈው የመንኮራኩሩ ክብደት ነው፣ ኢነርሺያው።

የልጁን የፈተና ወረቀት ቤት ሄጄ ፈልጌ አየሁት። "ኢነርሺያ ምን ማለት ነው?" የሚለውን ባዶ ትቶታል። ዜሮ ሰጥቼዋለሁ፣ በቀይ። ያን ቀን ማታ ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልጽፍም።

አንድ ነገር በግልጽ ላንሳ፣ የምትከፉ ካላችሁ ይቅርታ። እኛ አገር የእጅ ሥራ ምን ሲባል እንደኖረ ታውቃላችሁ። ማረሻውን ቀጥቅጦ የሚሰጠን ሰው ነበር "ቡዳ" የሚባለው፤ በእሱ ብረት እያረስን እሱን በጎን እናየው ነበር። በሰሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ አገሩን ሲለቁ ሙያውም አብሯቸው ሄደ። ሸማኔውም፣ ፋቂውም፣ ሰፊውም ድርሻ ድርሻ ስድብ ነበረው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፣ ግን "አባቴ ሰፊ ነው" የሚለው ልጅ ድምፁን ለምን ዝቅ እንደሚያደርግ ማንም አልነገረኝም ብሎ የሚጠይቅ ካለ እዚህ አካባቢ አላደገም። እንግዲህ ያንን ስክሪን አምባራስ ላይ ስቀሉት። የሚያሳየው ማሽን ከየት ይመጣል? ከውጭ። የሚናገረው ቋንቋ? ታውቁታላችሁ። ልጁ ከዚያ የሚወስደው አንድ ነገር ማሽን ሌላ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ መሆኑን ነው። የሲንጀሩ እግር ግን የአባቱ ነው።

"ሞፈርና ቀንበሩን እናስቀምጥ ታዲያ" ያላችሁኝ አላችሁ፣ በውስጥ መስመር። ልቤ ይፈልጋል። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲል የማረሻው አነካከስ ይለወጣል፣ ጥልቀቱ ይጨምራል ይቀንሳል፤ የሚያምር ጂኦሜትሪ ነው። ችግሩ ክፍል ውስጥ በሬም መሬትም የለም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቅርስ ይሆናል፣ ልጁም ቤቱ ያለውን ነገር ለማየት ሙዚየም አይመጣም። ማረሻ ግቢው ውስጥ ይቅረብ፣ አንድ ገበሬ በዓመት ሁለቴ ይምጣና ያሳይ። ጠረጴዛው ላይ ግን ቦታ የለውም።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ፍራንክ ኦፐንሃይመር የሚባል ፊዚክስ አዋቂ ነበር፣ የዚያ የአቶሚክ ቦምቡ ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም። በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራ ተባርሮ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ከብት ሲያረባ ኖረ፤ በኋላ እዚያው ያለች ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተማረ። ተማሪዎቹን ቆሻሻ መጣያ ይዟቸው እየሄደ ከተጣለው ብረታ ብረት ነበር ሜካኒክስ የሚያስተምራቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን ሙዚየም ከፈተ፤ ዛሬ በዓለም ላይ "ንካው፣ አዙረው" የሚሉ ሙዚየሞች ሁሉ የሚጠቅሱት እሱን ነው። በጣም የወደድኩለት ነገር ምን መሰላችሁ? መሥሪያ ክፍሉን፣ ብየዳውና መጋዙ ያለበትን፣ ጓዳ አልደበቀውም። ጎብኚው እያየው እንዲሠራ አደረገ። በ1970ዎቹም ማንም ሰው እቤቱ እንዲሠራቸው የየዕቃዎቹን አሠራር እንደ ምግብ አሠራር አሳትሞ አወጣ። ገጠር የነበረ አስተማሪ ነው፣ ወዳጆቼ።

ጄምስ ዋትም አለ። የእንፋሎት ሞተር ሲባል ስሙን ሁላችሁ ታነሳላችሁ። የድሮው ሞተር ፒስተን ከላይ ያለውን ትልቅ ምሰሶ በሰንሰለት ወደ ታች መጎተት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዋት ወደ ላይም የሚገፋ ሞተር ሲሠራ ሰንሰለት አልሆን አለው፤ በሰንሰለት ማን ይገፋል? የፒስተኑ ዘንግ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፣ የምሰሶው ጫፍ ደግሞ በክብ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ማስታረቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1784 በዘንግ ትስስር አስታረቃቸው፤ በስተርጅናው ለልጁ ሲጽፍም ከሠራሁት ሁሉ በዚህ እኮራለሁ አለ። የዚህን ቀላሉን ዓይነት በሦስት እንጨት መሥራት ይቻላል። ሁለት እኩል ክንዶች፣ በመሐላቸው አንድ አጭር ዘንግ፣ በአጭሩ ዘንግ ወገብ ላይ ጠመኔ። ሲንቀሳቀስ ስምንት ቁጥር ይስላል፣ የስምንቱ መሐል ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ መስመር ነው። ልጆቹ ማስመሪያ አምጥተው ይለካሉ። "ቀጥ አላለም ቲቸር፣ ትንሽ ጎበጥ ብሏል!" ይላሉ በድል። ልክ ናቸው። ፍጹም ቀጥ ያለውን ለማግኘት ዓለም እስከ 1864 እ.ኤ.አ. ጠብቋል፤ ፖሰሊዬ የተባለ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ በሰባት ተንቀሳቃሽ ዘንጎች አደረገው። ሰባቱን ዘንግ ዘጠነኛ ክፍሎች ሠርተውታል፣ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል፣ አንድ ዘንግ በግማሽ ሴንቲ ሜትር አጥሮባቸው መስመሩ ጎበጠ፤ እሱንም ራሳቸው አገኙት።

አሁን አሠራሩን፣ በብር ያዋጣችሁበት ስለሆነ።

ጠረጴዛው ሰፊ ይሁን፣ ከሁለት በኩል ልጅ የሚቆምበት። አንድ ልጅ ብቻውን ሲያዞር ሁለት ዙር ነው፤ ሁለት ልጆች ሲሆኑ ክርክር ይጀምራሉ፣ እኛ የምንፈልገው ክርክሩን ነው። ከፍታው ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ደረት በታች። ላዩ በጥቁር ቀለም ይቀባ፣ ጠመኔ የሌለበት ትምህርት ቤት የለም። ሞተር አይግባ፤ በእጅ ብቻ። ሞተር ሲቀረቀር እንጨት ይሰብራል ወይም ይቃጠላል፣ እጅ ሲቀረቀር ያስባል።

የዘንጎቹ ቀዳዳ። እዚህ ላይ ብዙ ተበላሽቶብኛል፣ ስሙኝ። የሰሜን ክረምት እንጨቱን ያብጠዋል። ሰኔ ላይ እንደ ልብ ይዞር የነበረው ሐምሌ ላይ ድርቅ ይላል፣ ይኼኛው መቀርቀር ደግሞ የማያስተምረው ዓይነት ነው። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጋችሁ ብሱና ውስጡ አጭር የብረት ቱቦ አስገቡበት፤ ቡሎኑ በቱቦው ውስጥ ይዙር። በዘንግና በዘንግ መካከል ሮንዴላ አስገቡ፣ ሁለት ሦስት። ለማለስለስ ሻማ ይበቃል፣ ግራሶ የልጁን ደብተር ያበላሻል። ቡሎኑ እየዞረ እንዳይፈታ ሁለት ዳዶ አንዱ በአንዱ ላይ ይጥበቅ፤ ልጆቹ እንዲቀይሯቸው የተተውት ቡሎኖች ግን በእጅ የሚወጡ ይሁኑ።

ጣት። ሁለት ዘንጎች ሲዘጉ መቀስ ናቸው፣ ይህን እንዳትረሱ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይደብዘዝ፣ ጫፉ ይክበብ፣ ዘንጎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተራርቀው ይተኙ። እኔ የራሴን ጣት አስገብቼ ሳልሞክር ምንም ነገር ለልጅ አልሰጥም ነበር። አንዴ ጥፍሬ ጠቁሯል።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፣ ጥያቄ ይሁን፣ በአማርኛ ይሁን። "ይቺን ወደ 20 ቀዳዳ ብትወስዳት ምን ይሆናል?" በቃ። መልሱን አትጻፉት። መልሱን መጻፍ የሚያምረው ሰው እኔ ነበርኩ፤ አስተማሪ መልስ ካልጻፈ እጁን ያሳክከዋል። ማብራሪያ የሚፈልግ ካለ በሩ አጠገብ አንድ ወረቀት ይሰቀል፣ ሲወጣ ያነበዋል።

"ልጆቹ ይሰብሩታል፣ ቡሎኑ ይጠፋል።" አዎ፣ ይጠፋል። የኛም ጠፍቷል፤ አንድ ጊዜ ስድስት ቡሎን በአንድ ሳምንት ጠፍቶ ግማሹ በኋላ የአንድ ልጅ የእንጨት ጋሪ ላይ ተገኘ። ጋሪዋን አየኋት፣ መሪዋ በዘንግ ትስስር ነበር የሚሠራው። ቡሎኑን አልተቀበልኩትም። የአንድ ስክሪን ዋጋ ስንት ሣጥን ቡሎን እንደሚገዛ ደባርቅ ካለ ማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጠይቁ። ስክሪኑ ሲሰበርስ? ጠጋኙ ጎንደርም ላይገኝ ይችላል። እንጨት ሲሰበር አምባራስ ላይ ጠርቦ የሚተካ ሰው አይጠፋም፤ ያንን የሚተካውን ሰው ደግሞ ልጆቹ ያያሉ።

የኛ ጠረጴዛ መጨረሻ ምን ሆነ ለምትሉ፣ ታሪኩ አጭር ነው። ስሟ ወጣ፣ እንግዳ መጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተመሰገንን። ከዚያ አንድ ኃላፊ "ይህ ነገር ሊጠበቅ ይገባል" አሉና ቁልፍ ያለው የመስታወት ቁም ሣጥን ተሠራላት። ላዩ ላይ "በእጅ መንካት ክልክል ነው" ተለጠፈ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ አክብረዋት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት አቧራ ለብሳ ነበር፤ ቡሎኑ በ10 ቀዳዳው ላይ ነው ያለው፣ ትክክለኛው ላይ።

ለተማሪዬ፦ ውድ ልጄ፣ አልተቀየምከኝም መቼስ። የምትፈልገውን ልክ በእጄ ስዬ ነገ ፎቶ አንስቼ ኮመንት ላይ አስቀምጥልሃለሁ። የ8 ሚሊ ቡሎን ግዛ፣ 6ቱ ቀጭን ነው፣ ይጎብጣል። የተራረፈ ሞራሌ ካለህ አዲስ እንጨት አትግዛ። የሚተርፈው ብር የቱቦ፣ የሮንዴላ፣ የጠመኔ ነው፣ ከዚያም የሚቀር ካለ ለአናጢው በደንብ ክፈለው፣ በልጆቹ ፊት ይሥራ።

አንድ ነገር ነው የቀረኝ። የቆየ የሲንጀር እግር ያለው ሰው፣ ዳባትም ሆነ ደባርቅ፣ ራሱ ባይኖረውም መርገጫውና መንኮራኩሩ ያለ፣ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሊሸጥ ከሆነ እገዛዋለሁ። ቺንጋው ባይኖርም ግድ የለም።